ያለፈ ሃርት አታክ በኢሲጂ ወረቀት ላይ እንዴት ይታወቃል?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ከቀረበው ንግግር የተወሰደ)

  

ስለ ስኳር በሽታ ካቀረብነው ዝግጅት በኋላ አንዲት እህት የሚከተለውን ጥያቄ ልካልናለች። «አባቴ ለምርመራ ሄዶ ኢሲጂ ተነሣ። ሐኪሙ ከዚህ በፊት ሃርት አታክ ይዞህ ያውቃል አለው። አባቴ ግን ልቡን ታሞ አያውቅም። አንድ ወረቀት ባለቤቱ የማያውቀውን ሕመም እንዴት ሊያውቅ ይችላል?» ጥያቄው የእርሷ ብቻ ስላልሆነ የዛሬውን ጊዜያችንን ሙሉ ለእርሱ ሰጥተናል። እኛ ሐኪም አይደለንም። የምናቀርበው ከሐኪሞች ጠይቀን የተረዳነውንና አንብበን ያገኘነውን ነው።

በሰፈራችን መስጊድ ከመጀመሪያው ሶፍ የማይጠፉ አንድ አባት አሉ። ጉዳያቸው እንዲነገር ፈቅደውልናል፣ ስማቸውን ግን አንጠራም። አንድ ቀን ለሱብሒ ውዱእ እያደረጉ ሳለ እንብርታቸውና ደረታቸው መካከል አቃጠላቸው፣ ላብም አጠመቃቸው። ክንዳቸውን አልወጋቸውም፣ ደረታቸውን ይዘው አልወደቁም። ሶላታቸውን ተቀምጠው ሰግደው ወደ ቤት ገቡ። ቤተሰቡ ጥቁር አዝሙድ በማር ሰጣቸው። ቀትር ላይ ቀለል ሲላቸው «ጨጓራዬ ነው» አሉ፤ ሁላችንም ጨጓራ ነው ብለን ተቀበልን። ከሰባት ወር በኋላ ለቡአ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ቤት ይዘናቸው ስንሄድ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኢሲጂ ታዘዘላቸው። ወረቀቱን ያየችው ሐኪም ቀና ብላ «አባቴ፣ ልብዎን ታመው ያውቃሉ?» አለቻቸው። እርሳቸው ወደ እኛ ዞሩ፣ እኛም ወደ እርሳቸው።

ልብ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ

ልብ በእያንዳንዱ ምት ከመኮማተሯ በፊት ትንሽ የኤሌክትሪክ ኃይል በውስጧ ያልፋል። ይህ ኃይል ከላይኛው ቀኝ ክፍሏ ይነሣና ወደ ታች እየተሰራጨ ሲሄድ የልብ ጡንቻ እርሱን ተከትሎ ይኮማተራል። ከኃይሉ ጥቂቱ እስከ ቆዳችን ይደርሳል። መጠኑ አንድ ሚሊቮልት አካባቢ ነው፤ ይህም አንድ የባትሪ ድንጋይ ከሚሰጠው ከአንድ ሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ኢሲጂ የሚባለው ይህንኑ ለቅሞ በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ ነው። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። አንዳንድ እናቶች «ኤሌክትሪክ አስያዙኝ» ሲሉ እንሰማለን። መሣሪያው ወደ ሰውነት የሚልከው ምንም ነገር የለም፤ ሥራው ማዳመጥ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1887 አውገስተስ ዋለር የተባለ ሰው ለንደን ላይ የሰውን ልብ ኤሌክትሪክ ከቆዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ። ነገሩን ለሕክምና እንዲያገለግል ያደረገው ግን ቪለም አይንትሆቨን ነው። የተወለደው የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ አካል በሆነችው በጃቫ ደሴት፣ ሰማራንግ ከተማ ሲሆን ያስተማረውና የተመራመረው በሆላንዷ ላይደን ከተማ ነበር። በ1900ዎቹ መጀመሪያ የሠራው መሣሪያ 270 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ለማሠራትም አምስት ሰው ያስፈልግ ነበር። ታማሚው እጆቹንና እግሩን ጨው ባለው ውኃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጥ ነበር። ሐኪሞች ዛሬም ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ፣ ቲ እያሉ የሚጠሯቸውን የሞገድ ስሞች ያወጣው እርሱ ነው፤ በ1924 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። በዚያው በ1924 አንድ ግብፃዊ ሐኪም በበርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የኢብኑ ነፊስን የእጅ ጽሑፍ አገኘ። ደማስቆ ተወልዶ ካይሮ የኖረው ይህ ዓሊም በ13ኛው ክፍለ ዘመን ልብ የምትመገበው በራሷ አካል ውስጥ በተዘረጉት ደም ስሮች እንደሆነ ጽፎ ነበር። ሃርት አታክ የሚባለው እንግዲህ ከእነዚህ ደም ስሮች አንዱ ሲዘጋ፣ ከእርሱ ይመገብ የነበረው የልብ ጡንቻ ደም አጥቶ መሞቱ ነው።

የሞተ ጡንቻ አይናገርም

በእጃችሁ የኢሲጂ ወረቀት ያላችሁ አውጡት። በትንንሽ ካሬዎች የተሞላ ነው። ብዙውን ጊዜ ወረቀቱ በሴኮንድ 25 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ አንዷ ትንሽ ካሬ ወደ ጎን 0.04 ሴኮንድ ናት። ወደ ላይ ደግሞ ዐሥር ትንንሽ ካሬዎች አንድ ሚሊቮልት ይሆናሉ። በሰውነት ላይ የሚደረጉት ዐሥር ተለጣፊዎች ናቸው፤ አራቱ በእጅና በእግር፣ ስድስቱ በደረት። ከእነዚህ ዐሥሩ መሣሪያው ዐሥራ ሁለት እይታ ያወጣል። ዐሥራ ሁለት ሰዎች አንድን ቤት ከብበው ቆመዋል እንበል። በር በኩል ያለው በሩን ያያል፣ ጓሮ ያለው ጓሮውን። የጓሮው ግድግዳ ቢፈርስ በር ላይ የቆመው አያውቅም፤ ጓሮ የቆመው ግን ያውቃል። የልብም እንዲሁ ነው። የታችኛውን ግድግዳ የሚያዩ ሦስት እይታዎች አሉ፤ የፊቱን ደግሞ በደረት ላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ያዩታል። ጎኑንም የሚያዩ ሌሎች አሉ። ሐኪሙ ለውጡ የታየው በየትኞቹ እንደሆነ አይቶ የተጎዳው ግድግዳ የትኛው እንደሆነ፣ የተዘጋውም ደም ስር የትኛው ሊሆን እንደሚችል ይገምታል።

ሃርት አታኩ በተነሣበት ሰዓት በወረቀቱ ላይ ከረጅሙ ሹል ቀጥሎ ያለው መስመር ብዙ ጊዜ ከቦታው ከፍ ይላል። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1920 ሃሮልድ ፓርዲ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ጽፎታል። መስመሩ ግን በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። በደም ውስጥ የሚታየው ትሮፖኒን የተባለው ምልክትም ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጠፋል። ስለዚህ ከሰባት ወር በኋላ ደም ቢመረመር የዚያን ሌሊት ነገር አይናገርም። በብዙ ሰው ላይ የሚቀረው ‹ኪው› የተባለው ሞገድ ነው።

ኪው ከረጅሙ ሹል በፊት ወደ ታች የምትወርድ ጭረት ናት። በጤነኛ ልብም በአንዳንድ እይታዎች ላይ ትንሽ ሆና ትታያለች። የልብ ጡንቻ ሲሞት ግን በቦታው ጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። መስጊድ ውስጥ «አሚን» ሲባል በቀኝ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ድምፅ መቅጃ አለ እንበል። በወትሮው ጎልቶ የሚሰማው በአጠገቡ የቆሙት ሰዎች ድምፅ ነው። በቀኝ በኩል ያሉት ሁሉ ዝም ካሉ ግን የሚሰማው ከወዲያኛው፣ ከግራው ጫፍ የሚመጣው ብቻ ይሆናል። ከጠባሳው ፊት ለፊት የተለጠፈችው ተለጣፊም እንደዚሁ የወዲያኛውን ግድግዳ ኃይል ብቻ ታያለች። ያ ኃይል ደግሞ ከእርሷ እየራቀ የሚሄድ ነው፤ እየራቀ የሚሄድ ኃይል በወረቀቱ ላይ ወደ ታች ይጻፋል። ኪው ሰፊና ጥልቅ የምትሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሐኪሞች ለዚህ ሚዛን አላቸው። የአውሮፓና የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የጋራ መግለጫ መሠረት በአብዛኞቹ እይታዎች ኪው ቢያንስ 0.03 ሴኮንድ ስፋትና አንድ ሚሊ ሜትር ጥልቀት ሊኖራት ይገባል። ይህም የትንሿ ካሬ ሦስት አራተኛ ያህል ስፋት ማለት ነው። በደረት ላይ ለሁለተኛዋና ለሦስተኛዋ ደግሞ 0.02 ሴኮንድ እንኳ ያጠራጥራል። አንድ እይታ ብቻውን ግን አይበቃም፤ የልብን አንድ ጎን በሚያዩ ሁለት ጎረቤታሞች ላይ መታየት አለባት። እዚህም ሁለት ምስክር መፈለጉ አስገርሞናል።

ሳይታወቅ የሚያልፈው ምን ያህል ነው?

የአሜሪካዋ ፍሬሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎች ከ1948 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ እየተመረመሩ ልባቸው ሲጠና ቆይቷል። በ1984 የወጣው የሠላሳ ዓመት ውጤት በ5,127 ሰዎች ላይ 708 ሃርት አታኮች እንደተመዘገቡ ያሳያል። ከእነዚህ ውስጥ ከአራት አንዱ በላይ የታወቀው በመደበኛው ምርመራ ኢሲጂ ሲነሣ ብቻ ነበር። ከእነዚህ ሳይታወቁ ካለፉት ደግሞ ግማሽ ያህሉ ምንም ሕመም አልነበራቸውም። የቀሩት እንደ አባታችን ሌላ የሚመስል ሕመም ነበራቸው። ሳይታወቅ ማለፉ በሴቶች ላይ ከወንዶች ይበዛ ነበር። «ካላመመኝ ቀላል ነበር ማለት ነው» ለሚል ሰው መልሱ በዚያው ጥናት ውስጥ አለ፤ ሳይታወቅ ያለፈው ለሞትና ለልብ ድካም በማጋለጥ ከታወቀው አያንስም ነበር።

የስኳር ሕሙማን በተለይ ልብ በሉ። ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የሕመም ስሜት የሚያደርሱትን ነርቮች ያደክማል። እግር ሲቆስል እንደማይሰማው ሁሉ ልብም ስትጎዳ ላይሰማ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲያው ኢሲጂ ንጹሕ ከሆነልን ነፃ ነን» የምትሉ ትኖራላችሁ፤ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ በሆነ ጥናት አይስላንድ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ67 እስከ 93 የሆነ 936 ሰዎች በኢሲጂም፣ የልብን ጠባሳ ቁልጭ አድርጎ በሚያሳየው ኤምአርአይም ታዩ። ኤምአርአዩ ሳይታወቅ ያለፈ ሃርት አታክ በ157 ሰዎች ላይ አገኘ፤ ኢሲጂው ያገኘው በ46 ሰዎች ላይ ብቻ ነበር። ከመካከላቸው 337ቱ ስኳር ነበረባቸው። በእነርሱ ላይ ኤምአርአዩ 72 ሲያገኝ ኢሲጂው 15 ብቻ አገኘ። ሳያውቁ ካለፈባቸው መካከል የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱት 36 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ሕመማቸውን ካወቁት ግን 73 በመቶው ይወስዱ ነበር። አለማወቅ የሚያስከፍለው እዚህ ላይ ነው።

ኢሲጂ የሚስተው በምን ምክንያት ነው? ጠባሳው ትንሽ ከሆነ ወይም የግድግዳውን ሙሉ ውፍረት ካልያዘ ኪው ላትታይ ትችላለች። በአንዳንዶች ላይ መጀመሪያ ታይታ ከዓመታት በኋላ ትጠፋለች። የልብ የኤሌክትሪክ መንገድ በግራ በኩል ከተዘጋ ደግሞ የወረቀቱ መልክ በሙሉ ይለወጥና ጠባሳውን ይሸፍነዋል። በተቃራኒው ሃርት አታክ ሳይኖር ኪው የምትታይበት ጊዜም አለ፤ በዘር በሚወረስ ሕመም ጡንቻው የወፈረ ልብ አንዱ ምሳሌ ነው።

ለእህቶቻችንና ለቤተሰቦቻቸው

ኢሲጂ ሲነሣ ደረት መገለጡ ብዙ እህቶቻችንን እንደሚያሳቅቅ እናውቃለን። አንዳንዷ ጭራሽ ትቀራለች። ሌላዋ «ከልብሴ ላይ ይሁን» ስትል ባለሙያውም ሐፍረቷን አይቶ ተለጣፊዎቹን ከቦታቸው ከፍ አድርጎ ይለጥፋል። ነገር ግን ቦታው የተለካ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የደረት ተለጣፊዎች በአራተኛው የጎድን አጥንት ክፍተት፣ ከደረት አጥንት ቀኝና ግራ መዋል አለባቸው። ከዚያ ከፍ ካሉ ጤነኛዋን ሴት ያለፈ ሃርት አታክ ያለባት ሊያስመስሏት ይችላሉ። አንዲት እህት በዚህ የተነሣ ለወራት ስትጨነቅ ከርማ፣ በሌላ ሐኪም ቤት ኢሲጂው በትክክለኛው ቦታ ሲደገም ምንም እንደሌለባት ታውቋል። ሴት ባለሙያ ካለች ይጠየቅ፤ ተለጣፊው ከተቀመጠ በኋላም በነጠላ መሸፈን ይቻላል፣ መሣሪያው በዚህ አይታወክም። ሴት ባለሙያ ከሌለችም ለሕክምና በሚያስፈልገው መጠን መገለጥ በሸሪዓችን የተፈቀደ መሆኑ የታወቀ ነው። ባሎችና ወንድሞች በዚህ ጉዳይ ደጅ ላይ ቆማችሁ አታስቸግሩ።

ኮምፒውተሩ የሚጽፈው

ብዙዎቹ የዛሬ መሣሪያዎች ከወረቀቱ ራስጌ ላይ የራሳቸውን ንባብ በእንግሊዝኛ ያትማሉ። በብዛት ከሚታዩት አንዱ «ዕድሜው ያልታወቀ ኢንፋርክት ሊሆን ይችላል» የሚል ትርጉም ያለው ነው። አንድ ወንድም ይህንን በልጁ አስነብቦ «ዕድሜዬን ነግሬያቸው እንዴት አልታወቀም ይላሉ?» ብሎናል። ያልታወቀው የሰውየው ዕድሜ ሳይሆን ጉዳቱ የደረሰበት ጊዜ ነው። ኮምፒውተሩ የኪውን ስፋትና ጥልቀት ለክቶ ከሚዛኑ ጋር ያስተያያል፤ ተለጣፊው ከቦታው መውጣቱን ግን አያውቅም። ስለዚህ ጽሑፉ ለሐኪሙ ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም። ጽሑፉን አንብቦ ቤት ውስጥ ልቅሶ መቀመጥም፣ «ማሽን ምን ያውቃል» ብሎ መጣልም ትክክል አይደለም።

በቅርብ ዓመታት ዐይን የማይለያቸውን ጥቃቅን ለውጦች ከብዙ ሺህ መዝገቦች እንዲማሩ የተደረጉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች መጥተዋል። ለዚህ ብዙ ጊዜ ከዋሉት ስብስቦች አንዱ ከጀርመን የተገኘ ሲሆን ከ290 ሰዎች የተወሰዱ 549 መዝገቦች አሉት፤ ከሰዎቹ 148ቱ ሃርት አታክ የነበረባቸው ናቸው። ቁጥሮቹን ያስተዋለ የመዝገቡ ብዛት ከሰዎቹ እንደሚበልጥ ያያል፤ ከአንዳንዱ ሰው ከአንድ በላይ መዝገብ ተወስዷል ማለት ነው። የአንዱ ሰው አንደኛው መዝገብ ለማስተማሪያ፣ ሌላው ለፈተና ከዋለ ኮምፒውተሩ ሕመሙን ሳይሆን ሰውየውን ለይቶ «አወቅሁ» ሊል ይችላል። ተማሪ የፈተናውን ወረቀት ቀድሞ እንዳየው መሆኑ ነው። ስለዚህ «ይህን ያህል በመቶ ትክክል ነው» የሚል ዜና ስትሰሙ ፈተናው አይቷቸው በማያውቃቸው ሰዎች ላይ መደረጉን ጠይቁ። ጥቅሙን ግን አንክድም፤ የልብ ሐኪም በሌለበት ገጠር አጠራጣሪውን ለይቶ ወደ ከተማ የሚያስልክ መሣሪያ ብዙ ቤት ያድናል ብለን እናምናለን።

ወደ አባታችን እንመለስ። ሐኪሟ በወረቀቱ ብቻ አልፈረደችም። ያንን ሌሊት በዝርዝር ጠየቀቻቸው፤ ላቡንም የነገሯት ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ በልብ አልትራሳውንድ፣ ኤኮ በሚባለው ሲታዩ የታችኛው ግድግዳ በሚገባ እንደማይኮማተር ተረጋገጠ። ቀዶ ሕክምናው ለጊዜው ዘገየ። አስፒሪንና የኮሌስትሮል መድኃኒት ተጀመረላቸው፤ ስኳራቸውም ሲለካ ከፍ ብሎ ተገኘ። ጫት እንዲተዉም ተነገራቸው። የየመን ሐኪሞች ባደረጉት ጥናት ጫት ከሃርት አታክ ጋር መያያዙ ታይቷልና በዚህ ላይ ብዙ ተከራክረው በመጨረሻ ተዉት። ረመዳን ሲቃረብ መድኃኒታቸውን በስሑርና በኢፍጣር መውሰድ ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ሐኪሟን ጠየቁ፤ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ሁሉ በራሱ ከመወሰን በፊት እንዲህ ማድረግ አለበት።

ሐኪሟ አንድ ነገር ጠይቃን ነበር፤ «ከዚህ በፊት የተነሣ ኢሲጂ አላችሁ?» የሚል። ከሁለት ዓመት በፊት ለደም ብዛት ተነሥተው ነበር፣ ወረቀቱ ግን ተጥሏል። ቢኖር ኖሮ ያችን ኪው ቀድሞ የሌለች መሆኗን በአንድ እይታ ታውቀው ነበር፤ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር እንደማስተያየት ያለ ማስረጃ የለምና። ስለዚህ በቤታችሁ ያለውን የኢሲጂ ወረቀት አትጣሉ። ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ከዓመታት በኋላ ይደበዝዛል፤ ፎቶ ኮፒ አድርጉት ወይም በስልካችሁ አንሡት፣ ቀኑንም ጻፉበት። አባታችን የአሁኑን በላስቲክ ጠቅልለው ከመታወቂያቸው ጋር ይዘውት ይዞራሉ። ጁሙዓ ዕለት ከመስጊድ ስንወጣ ለወጣቶቹ አውጥተው ያችን ኪው ያሳዩአቸዋል።